አውጥተው ይጣሉት!

በዚህ ከተማ ከመኪናው ላይ ዕቃ የሚያስወጣ ሰው አጋዡ ብዙ ነው። የጎደለውን ልመልስ የሚል ሽማግሌ ግን ጤንነቱ ያጠራጥራል። ይህን የምለው ከሜዳ ተነስቼ አይደለም። የኮሮላዬን ቴርሞስታት አንድ መካኒክ አውጥቶ ከጣለው ስንት ዘመኑ! ሲያወጣው ደግሞ ደስ ብሎት ነው። «ጋሼ፣ ከእንግዲህ አያሞቅም፣ ገላግዬዎታለሁ» አለኝና እጁን በጨርቅ እየጠራረገ የሻይ ተቀበለኝ። እሱ ሲያወጣ የጠየቀው ሰው አልነበረም። እኔ ልመልስ ስነሳ ግን ሚስት፣ የልጅ ልጅ፣ ሱቅ ሻጭና የሰፈር ወጣት ሁሉ ካላስፈቀድከን አለኝ።

መገላገል አለ! ሽሮ ሜዳ የሚኖር ሰው ብርድ ምን እንደሆነ ያውቃል። በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋት የእንጦጦ ነፋስ ጋቢ አልፎ አጥንት ይነካል። እንዲህ ባለ ጠዋት የተነሳ ሞተር መጀመሪያ መሞቅ አለበት። የእኔው ግን አይሞቅም። ከቤቴ እስከ ስድስት ኪሎ፣ ከዚያም እስከ ፒያሳ መንገዱ ቁልቁለት ነው፤ ሞተሩ ሥራ ሳይሠራ ይወርዳል፣ ውሃው ደግሞ ያለ ከልካይ ራዲያተር እየገባ ሲቀዘቅዝ ይውላል። ፒያሳ ስደርስ የሙቀት ጌጁ ቀስት ከተኛበት ንቅንቅ አላለም። ማሞቂያውን ብከፍት የሚወጣው ያው የእንጦጦ አየር ነው። ኮምፒውተሩ ምስኪን ሞተሩ ገና አሁን የተነሳ እየመሰለው ቤንዚን ይጨምርለታል፤ ቤንዚን በዛሬ ዋጋ! የዘይት ክዳኑን ስከፍት ሥሩ ላይ ነጭ፣ ወፍራም ቅባት ተለጥፎ አገኛለሁ። ሞተሩ በቅጡ ካልሞቀ በውስጡ ያለው እርጥበት አይተንም፣ ከዘይቱ ጋር ይለወሳል። ይህን ያየ ጎረቤቴ፣ ባንክ ሲያገለግል ኖሮ ጡረታ የወጣ ሰው ነው፣ ክዳኑን ወደ ዓይኑ አስጠግቶ «ቴስታታው ሄዷል» ብሎ ፈረደልኝ። ሂሳብ ሲያሰላ የኖረ ሰው ሞተር መርማሪ ሆኖ ቁጭ አለ። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም።

እስቲ ይህ እንደ ሌባ ተይዞ የሚባረር ዕቃ ምን እንደሚሠራ ልናገር፤ የሚሰማኝ ባይኖርም። ቴርሞስታት በመዳፍ የሚያዝ፣ አፉ አምስት ሳንቲ ሜትር ገደማ የሆነ ዕቃ ነው። መሃሉ ላይ በነሐስ ቀፎ የታሸገ ሰም አለው። ውሃው ሲሞቅ ሰሙ ይቀልጣል፣ ሲቀልጥ ያብጣል፣ ሲያብጥ ዘንጉን ይገፋል፣ በሩ ይከፈትና ውሃው ወደ ራዲያተር ይሄዳል። ሲቀዘቅዝ ሞላው መልሶ ይዘጋዋል። አለቀ። ኤሌክትሪክ አይፈልግም፣ ባትሪ አይፈልግም፣ ኢንተርኔት ተቋረጠ ብሎ አያላግጥም። ልጇ ቁርሱን ሳይጨርስ በር የማትከፍት እናት በሉት። ይህን የሰም ዘዴ አሜሪካ ውስጥ በ1930ዎቹ ያመጣው ሰርጂየስ ቨርኔት የሚባል ሰው ነው። እንግዲህ ዘዴው በዕድሜ ከእኔም ይበልጣል፤ በዚህ አገር ግን ታላቅን ማክበር ድሮ ቀረ።

የሚያስቀኝ፣ ማለቴ የሚያቃጥለኝ፣ «እንዳያሞቅ» ተብሎ መውጣቱ ነው። እንደ እኔ ባለው ሞተር ላይ በሩ ዝግ ሳለ ውሃው ቀጥ ብሎ አይቆምም፤ በአንዲት አጭር መንገድ ሞተሩ ውስጥ ብቻ እየዞረ ይሞቃል። ዋናው በር ሲከፈት ያው ቴርሞስታት በሌላኛው ጫፉ ያቺን አጭር መንገድ ይዘጋታል፤ ውሃው ሁሉ በራዲያተር በኩል እንዲያልፍ። አሁን ዕቃውን አውጡትና ጣሉት። አጭሯ መንገድ ዘለዓለም ክፍት ሆና ትቀራለች። የጋለው ውሃ ከፊሉ የራዲያተርን ደጃፍ ሳይረግጥ ተመልሶ ሞተር ይገባል። እናም ሽሮ ሜዳ ላይ በብርድ የማይሞቀው ሞተር ዓባይ በረሃ ላይ ያፈላል። ከጎሃ ጽዮን ወደ ድልድዩ ከ1,000 ሜትር በላይ ወርዶ፣ ያንኑ ያህል ወደ ደጀን የወጣ ሰው ምን እንደምል ይገባዋል። እኔ እዚያ ዳገት ላይ ኮፈን ከፍቼ ቆሜ ጦጣዎች ታዝበውኛል። አዲስ አበባ ተመልሼ ለዚያው መካኒክ ስነግረው ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ጋሼ፣ ቴርሞስታቱንማ አውጥተነዋል፤ ስለዚህ ሌላ ችግር ነው።» የውሃ ፓምፕ ተቀየረ። ራዲያተር ወርዶ ታጠበ። ሁሉንም የከፈልኩት እኔ ነኝ።

የእህቴ ልጅ የፋብሪካውን የጥገና መጽሐፍ አሳትሞ ሰጠኝ። እዚያ ላይ በግልጽ ተጽፏል፦ ሞተሩ የማሞቅ ጠባይ ቢያሳይ እንኳ ቴርሞስታቱ አይወጣም፣ መውጣቱ የማቀዝቀዝ አቅሙን ይቀንሳል ይላል። ገጹን አጥፌ ለባለቤቴ አነበብኩላት፣ ለጎረቤቴ አነበብኩለት፣ በር ላይ ላገኘሁት ሁሉ አነበብኩ። ባለቤቴ ሽንኩርቷን መክተፉን ሳታቆም «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» አለችኝ።

ሶማሌ ተራ ወረድኩ። መርካቶ ገብቶ ዕቃ መግዛት በእኔ ዕድሜ ዘመቻ ነው። የመኪናውን ዓመተ ምሕረትና የሞተሩን ቁጥር በወረቀት ጽፌ ይዣለሁ። ሱቁ ውስጥ ያለው ልጅ ስልኩን እያየ «ፋዘር ምን ልስጥዎት?» አለኝ። ድሮ ጋሼ ነበርኩ፣ ከዚያ አባባ ሆንኩ፣ አሁን ፋዘር ሆኛለሁ፤ ነገ ምን እንደምባል እግዜር ይወቅ።

«ቴርሞስታት።»

«ለምንዎት?»

«ለመኪናዬ።»

«ሰው የሚያወጣውን?»

«አዎ፣ ሰው የሚያወጣውን።»

ቀና ብሎ በደንብ አየኝ። ከዚያ ወደ ጓዳው ዘልቆ አቧራ የጠጣ ካርቶን አወጣ። ኦርጅናሌ አለ፣ የታይዋን አለ፣ የዱባይ አለ፣ አባትና እናቱ የማይታወቅም አለ። መነጽሬን አድርጌ ጠርዙን አገላበጥኩ። ደህናው ዕቃ ላይ የሚከፈትበት ዲግሪ ተቀርጾበታል፤ የእኔው 82 መሆን አለበት። ልጁ 88 የተጻፈበትን አቀረበልኝ። አይሆንም አልኩት። «ፋዘር፣ ስድስት ዲግሪ ምን ታደርጋለች?» አለ። ለትኩሳት ስድስት ዲግሪ ብትጨመርብህ ተዝካርህ ነው የሚበላው አልኩት። ሳቀና 82ቱን ሰጠኝ። ዋጋውን ሲነግረኝ የሳቀ ሰው አልነበረም። በዚያ ላይ የጎማ ቀለበቱን ለብቻ ነው የምንሸጠው አለኝ። ጓርኒሲዮኑን ለብቻ! ነገ ጫማ ገዝተን ክሩን ለብቻ በሉን።

ዕቃውን ሳልፈትን አላስገባም። ባለቤቴን አንዲት አሮጌ ድስት ለመንኳት፤ የሰጠችኝ እጄን ሦስቴ ከመረመረች በኋላ ነው። ሙቀት መለኪያ ስፈልግ የትኩሳቱን አመጣችልኝ። እሱ 42 ላይ ያበቃል፤ 82 ዲግሪ ውሃ ውስጥ ብነክረው ፈንድቶ ጉድ ይፈላ ነበር። በኋላ ትዝ አለኝ፤ ሜሪላንድ ያለችው ልጄ አንድ ጊዜ የስጋ ሙቀት መለኪያ ልካልኝ ነበር። ስጋው ውስጡ መብሰሉን በቁጥር ለማወቅ ነው አሉ። ዕድሜዬን ሙሉ ቁርጥ በአዋዜ የበላሁ ሰው የምን ሙቀት ነው የምለካው? ከነላስቲኩ መሳቢያ ውስጥ ተኝቶ ኖሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ሥራ አገኘ፤ እሱም በፋራናይት ነው የሚናገረው።

ቴርሞስታቱ ድስቱን እንዳይነካ በክር አንጠልጥዬ ውሃው ውስጥ ሰቀልኩት። ምድጃው ተለኮሰ። መለኪያው 180 ሲል የበሩ ከንፈር ፈቀቅ አለ። ቀጭን፣ ጥቁር ስንጥቅ ሆና ታየች፤ ከዚያ ዘንጉ ቀስ እያለ፣ ማንም ሳይነካው ተገፋ። 180 ማለት በእኛ 82 ነው። እኔ እጄን አጨበጨብኩ፤ ባለቤቴ 180 የሚለውን ቁጥር አይታ ድስቴን ልታቀልጠው ነው ብላ ጋዙን ልትዘጋ መጣች። ውሃው እየተንተከተከ መለኪያው 198 ላይ ቆመና አልንቀሳቀስ አለ። 32 ቀነስኩ፣ በ5 አባዛሁ፣ ለ9 አካፈልኩ። 92።

የልጅ ልጄ ከኋላዬ ቆሞ ነበር። «አባባ፣ መለኪያው ተበላሽቷል። ውሃ የሚፈላው በ100 ነው፣ ቲቸር ነግሮናል።»

ቲቸር የነገረህ ከባሕር ወለል ላይ ለተጣደ ድስት ነው አልኩት። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ተሰቅላ የምትኖር ከተማ ናት፤ እዚህ አየሩ ስስ ነው፣ ውሃውን የሚጫነው ነገር ይቀንሳል፣ ስለዚህ 92 ገደማ ላይ ይፈላል። እመት ድስት የፈለጉትን ያህል እሳት ቢነድባቸው ከዚያ አያልፉም። ባለቤቴ ይህችን ስትሰማ ለመጀመሪያ ጊዜ ከእኔ ጋር ተስማማች፤ ድሬዳዋ ያለችው እህቷ ምስር ቶሎ እንደሚበስልላት ሁልጊዜ ትናገራለች። እሷ ዘንድ ውሃው 96 አካባቢ ደርሶ ነዋ የሚፈላው! ልጁ ግን ፈተና ላይ 92 ብዬ ብጽፍ ማን ነጥብ ይሰጠኛል አለኝ። እሱስ እውነቱን ነው።

ከዚህ የምትከተለው ነገር ናት የምታበሳጨው። መጽሐፉ ቴርሞስታቱ ሙሉ ለሙሉ መከፈቱን በ95 ዲግሪ ላይ ለካ ይላል። አዲስ አበባ ውስጥ ድስት 95 አይደርስም! ስለዚህ ዕቃው በድስት ሲፈተን በሩን ሙሉ ለሙሉ ላይከፍት ይችላል፤ ያየው ሰው «ይኸው አይከፍትም፣ ብልሹ ነው» ብሎ ይፈርድበታል። ስንት ጤነኛ ቴርሞስታት በሽሮ ድስት ችሎት ሞት እንደተፈረደበት አስቡት። ሞተሩ ውስጥ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ የራዲያተሩ ክዳን ግፊቱን አፍኖ ስለሚይዝ ውሃው 110 ዲግሪን ሳያልፍ አይፈላም። ክዳኑ ላይ 0.9 ተብሎ የተጻፈው ለጌጥ አይደለም። ላስቲኩ ያለቀ ክዳን ገጥመው፣ ወይ ደግሞ ጭራሽ የዘይት ጣሳ ክዳን ጠርቀም አድርገውበት «መኪናዬ ያፈላል» የሚሉ ሰዎች አውቃለሁ። ማንን እንደሚከሱ ታውቃላችሁ።

ወደ ሥራው ልግባ፤ በእርግጥ ካስገቡኝ። ኮፈን መክፈት በዚህ ሰፈር ድንኳን እንደ መጣል ነው፣ ሳይጠሩት የማይመጣ የለም። ሞተሩ ሌሊቱን አድሮ በርዷል (የሞቀ ራዲያተር የሚከፍት ሰው ፊቱን የማይፈልገው ሰው ነው)፣ እኔ ካርቶን አንጥፌ ጉልበቴን እያባበልኩ ዝቅ ብያለሁ። ባንከኛው ጎረቤቴ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ቆሟል። ሊስትሮው ሳጥኑን ይዞ መጥቷል። የባጃጁ ልጅ ሞተሩን ሳያጠፋ አንገቱን አስግጓል። አንዱ ካንዴላ ነው ይላል፣ ሌላው ቬንትሌተሩን ቀጥታ ከባትሪ ያገናኙት ይላል። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ። ምን እየሠራሁ እንደሆነ ስነግራቸው ግን የማይስማሙት ሁሉ ተስማሙ፦ «አውጥተው ይጣሉት!» ኧረ ወጥቷል ሰዎች፣ ባዶ ነው እኮ! «ታዲያ ምን ሊያደርጉ ነው የሚከፍቱት?»

የባለቤቴን ሳፋ ከሥር ደቅኜ ውሃውን አወረድኩት። የወረደው ነገር ውሃ ይባል እንደሆን አላውቅም፤ ቡናማ፣ ዝገት የተሸከመ፣ በሃይላንድ እየቀዳን ስንሞላው የኖርነው የቧንቧ ውሃ ውጤት ነው። ትንሽ አንቲፍሪዝም ሳይኖርበት አልቀረም፤ የጎረቤቴ ውሻ እያሸተተ መጣ። አንቲፍሪዝ ጣፋጭ ነው፣ ግን መርዝ ነው፤ ውሻም ሕፃንም ሊቀምሰው ይችላል። ስለዚህ በአንድ እጄ መፍቻ፣ በሌላው ውሻ እየመለስኩ ቀጠልኩ። ከመካሪዎቼ አንዱ እንኳ ውሻውን አልያዘልኝም።

የታችኛው ቱቦ ፋሸታ መሆን በሚገባው ቦታ ላይ ሽቦ ነው የታሰረው። ሽቦ! በፒንሳ ቆርጬ ጣልኩት። ቀጥሎ የሚፈታው በሁለት ዳዶ የታሰረ ክዳን ነው፤ 10 ቁጥር መፍቻ ይፈልጋል። 10 ቁጥር መፍቻ ያለው ቤት ካለ እስቲ እጁን ያውጣ። የእኔን የልጅ ልጄ ለብስክሌቱ ወስዶታል፤ ከብስክሌቱ ሥር ተፈልጎ መጣ። ክዳኑ ሲላቀቅ የታየኝ ጉድ፦ ቀለበት የለ፣ ጓርኒሲዮን የለ፣ ዙሪያውን ቀይ ሲሊኮን ተለድፎበታል። ወደ ውስጥ የተረፈው ተጠቅልሎ ደርቋል፤ ከፊሉም ተቆርሶ ሄዷል። የት እንደሄደ ራዲያተሩ ሲታጠብ አይተነዋል። በምላጭ ጥግ ጥጉን እያነሳሁ ላጥኩት፤ ቀስ ተብሎ ነው፣ ሥሩ ያለው አሉሚኒየም ነው፣ አንድ ጊዜ ከተቧጨረ ዕድሜ ልኩን ያንጠባጥባል። ቀዩ ክር እየሆነ ሲነሳ ከሥሩ ብሩህ ብረት ብቅ ይላል። ይህን ያህል ዓመት ጭቃ ለብሶ የኖረ ነገር ሲነጣ ማየት ደስ ይላል። ሊስትሮው ብቻ ነው የገባው፤ ብሩሹን አውጥቶ አቀበለኝ። ከዚያ ሁሉ ሕዝብ ሙያ የሚያውቅ እሱ ነበር።

አዲሱን ሳስገባ ጠርዙ ላይ ያለችውን ትንሿን ቀዳዳ ወደ ላይ አዞርኩ። ቀዳዳዋ ውስጥ የምትንቀጫቀጭ ሚስማር አለች፤ የታፈነ አየር በእሷ በኩል ይወጣል። ወደ ታች ከዞረች አየሩ መውጫ ያጣል፣ ውሃው አይዞርም፣ ሞተሩም ያፈላል። ያን ጊዜ ነው «ብለን ነበር» የሚሉት። የጎማ ቀለበቱን አልብሼ ዳዶዎቹን እያፈራረቅሁ አጠበቅሁ። አንቲፍሪዙን በንጹሕ ውሃ በጥብጬ በቀስታ ሞላሁ፣ ክዳኑን ሳልገጥም ሞተሩን አስነሳሁ፣ ማሞቂያውን ከፈትኩ። አረፋው እየተንደቀደቀ ወጣ። የታችኛው ቱቦ ቀዝቃዛ ነው። አሁንም ቀዝቃዛ ነው። «አይሠራም!» አለ ባንከኛው። ጥቂት ቆይቶ ቱቦው መዳፌ ውስጥ ሙቅ ሆነ። ቀና ስል ሰው የለም፤ ነገሩ ሳይበላሽ ሲቀር ሁሉም ወደየጉዳዩ ሄዷል።

አሁን የሙቀት ጌጁ ቀስት ስድስት ኪሎ ሳልደርስ ተነስቶ ከመሃል ዝቅ ብሎ ይቆማል። እዚያው ይውላል። ማሞቂያው ይሞቃል፣ ቤንዚኑም ሻል ብሏል። የቤቴ ሰው ግን ይህን ሁሉ ዓመት የተኛ ቀስት ሲያይ የኖረ ነው። የእህቴ ልጅ መኪናውን ተውሶ ሄዶ ከመንገድ ደወለልኝ፦ «ጋሼ፣ አሞቀ! አቆምኩት!» መሃል ላይ ነው ያለው? አልኩት። አዎ አለ። ንዳው አልኩት። ከማዕዘኑ ጋራዥ ያለው ልጅ ወሬውን ሰምቶ፣ ሳይጠራ መጥቶ፣ «ፋዘር፣ በነጻ ላውጣልዎት?» አለኝ። በነጻ! ሲገጠም የጠፋ ነጻ ሲነቀል ተገኘ።

ባለቤቴማ አሁን ከጎኔ ስትቀመጥ መንገዱን ትታ ቀስቱን ነው የምትጠብቀው። ባለፈው ወደ እንጦጦ ማርያም ስንወጣ ዳገቱ ላይ ቀስቱ ትንሽ ከፍ አለ። «ወይኔ ማርያም!» ብላ ዳሽቦርዱን ያዘች፣ ዓይኗን ጨፈነች። ቴርሞስታቱ በሩን ሰፋ አደረገ፣ ቀስቱም ወደ ቦታው ተመለሰ። ዓይኗን ስትከፍት አየችው።

«አየህ?» አለችኝ። «እመቤቴ ናት ያወረደችልን።»

«ሰሙ ነው» አልኳት። «ሰሙ ቀልጦ፣ ዘንጉን ገፍቶ…»

«አንተ ሰውዬ፣ ደጇ ላይ ቆመህ ተው።»

ለካ ዓይኗን ጨፍና ስለት ተስላለች። መኪናው ሳያፈላ ካደረሰን ጃንጥላ አስገባለሁ ብላ ነው የተሳለችው። የጃንጥላውን ዋጋ ጠየቅሁ፤ ከነጎማ ቀለበቱ ከቴርሞስታቱ ይበልጣል።